ኮሶን ከአበባው ነጥሎ ማውጣት፦ በአሲድና በአልካሊ የመለያ ዘዴና ለጤና ባለሙያው ያለው ፋይዳ

ብዙውን ጊዜ መድኃኒት በሚፈውሰው በሽታ ስም ይጠራል። በአማርኛ ግን አንድ በሽታ ስሙን ከመድኃኒቱ ወስዷል፤ ይኸውም ኮሶ ነው። ጥሬ የከብት ሥጋ በመብላት የሚተላለፈው ጠፍጣፋ የአንጀት ትል «የኮሶ ትል» የተባለው፣ ሕዝቡ ትሉን ለዘመናት ሲያስወጣበት በኖረው ዛፍ ስም ነው። በሳይንሳዊ አጠራሩ ሀጌኒያ አቢሲኒካ የተባለው ይህ ዛፍ ከጽጌረዳ ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 እስከ 3,200 ሜትር ባለው ከፍታ ይበቅላል። በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የተከዜን ሸለቆ ተከትለው ከሚወርዱት ከዝቋላና ከአበርገሌ ቆላማ ቦታዎች ይልቅ ለኮሶ የሚስማማው ከሰቆጣ ወደ ጋዝጊብላና ወደ ደሃና ሲወጣ የሚገኘው ደጋ ነው።

ኮሶ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ የሚገኝ ተክል ነው። ለመድኃኒትነት የሚመረጠው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ሲሆን፣ የወንዴው አበባ ማስመለስ ያበዛል ተብሎ ይተዋል። አበባው ደርቆ ይፈጫል፤ በውኃ ወይም በጠላ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። የጠጣው ሰው በዚያ ቀን ከቤት እንደማይወጣ፣ ከሥራም እንደሚቀር የታወቀ ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ በቆየበት ጊዜ ዛፉን አይቶ ገልጾታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከቁስጥንጥንያ አበባውን አውሮፓ በማድረሱ፣ ኮሶ በብዙ አገሮች ይፋዊ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ሊመዘገብ በቅቷል። ከዚያ በኋላ ቦታውን ለሌሎች መድኃኒቶች ለቀቀ። ዛሬ የኮሶ ትል በአንድ ጊዜ በሚወሰድ 2 ግራም ኒክሎሳማይድ ወይም በኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በሚሰላ ፕራዚኳንቴል ይታከማል። ይሁንና ኮሶ የመጠጣት ልማድ ከደጋው ገጠር ፈጽሞ አልጠፋም። ስለሆነም በጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ ኮሶ ጠጥቶ የታመመ ሰው ሊገጥመው እንደሚችል ማሰብ ይኖርበታል።

የችግሩ መነሻ አበባው አንድ መድኃኒት ሳይሆን የብዙ ውሁዶች ድብልቅ መሆኑ ነው። በውስጡ ቅባት፣ ሰም፣ አረንጓዴ ቀለም፣ ሙጫ፣ ታኒንና ልዩ ልዩ አሲዶች ይገኛሉ፤ ትሉን የሚጎዱት ውሁዶች የዚህ ሁሉ ትንሽ ክፍል ናቸው። የአበባው ዕድሜ፣ የተለቀመበት ጊዜ፣ የወንዴና የሴቴ መደባለቅ፣ አቀማመጡም ጭምር ኃይሉን ይለዋውጡታል። በመሆኑም አንድ እፍኝ ዛሬ ምንም ላያደርግ፣ ሌላ እፍኝ ደግሞ ነገ ሊመርዝ ይችላል። ከመጠን ያለፈ ኮሶ ብርቱ ማስመለስና ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ድካምና ራስን መሳት ያስከትላል፤ ነፍሰ ጡር ሴትንም ለውርጃ ሊያጋልጥ ይችላል። ከሁሉም የከፋው በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ኮሶ በመመረዝ ስለሚያስከትላቸው የዓይን ጉዳቶች ገና እ.ኤ.አ. በ1969 ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ኮሶ በጫጩቶች ላይ የማየት ጉድለትና የዓይን መጋረጃ መመረዝ እንደሚያስከትል አሳይቷል።

እንግዲህ መድኃኒቱን ከጓዙ ለይቶ ማውጣት የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ የሚውለው ዘዴ በኬሚስትሪ ከታወቁት ሁሉ ቀላል ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ መሠረተ ሐሳቡ ጤና ባለሙያው በየዕለቱ ከሚሠራበት ፋርማኮሎጂ ጋር አንድ ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ውኃና ኢተር በአንድ ዕቃ ቢናወጡ ተመልሰው ይለያያሉ፤ ኢተሩ ከላይ፣ ውኃው ከታች ይሆናል። ቻርጅ የሌለው ኦርጋኒክ ውሁድ በአብዛኛው ወደ ኢተሩ ያደላል። ያው ውሁድ ቻርጅ ሲይዝ፣ ማለትም ወደ ጨውነት ሲለወጥ፣ ኢተሩን ትቶ ወደ ውኃው ይገባል። አሲድ የሆነ ውሁድ አልካሊ ሲያገኝ ሃይድሮጅኑን ሰጥቶ ቻርጅ ይይዛል፤ ቤዝ የሆነው ደግሞ አሲድ ሲያገኝ ሃይድሮጅን ተቀብሎ ቻርጅ ይይዛል። ቅባት፣ ሰምና አረንጓዴ ቀለም ግን ገለልተኛ በመሆናቸው ውኃው አሲድም ሆነ አልካሊ ቢሆን ከኢተሩ አይወጡም። ስለዚህ ኬሚስቱ የውኃውን ፒኤች በመለዋወጥ ብቻ አንዱን ውሁድ ከኢተር ወደ ውኃ፣ ከውኃም መልሶ ወደ ኢተር ሊያሸጋግረው ይችላል።

ቻርጅ የያዘው ክፍል ምን ያህል እንደሆነ የሚወስነው በውኃው ፒኤችና በውሁዱ ፒኬኤ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ፒኬኤ ማለት የውሁዱ ግማሹ ቻርጅ ይዞ ግማሹ ሳይዝ የሚገኝበት ፒኤች ነው። ለምሳሌ ቤንዞይክ አሲድ 4.2፣ ፌኖል 10 ገደማ ፒኬኤ አላቸው። ሁለቱ አብረው በኢተር ሟሙተው ሳለ ፒኤቹ 8.3 ገደማ በሆነ የሶዲየም ባይካርቦኔት ውኃ ቢናወጡ፣ ከቤንዞይክ አሲዱ ቻርጅ ያልያዘው ከ12,000 አንድ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ወደ ውኃው ይገባል። ከፌኖሉ ግን ቻርጅ የሚይዘው 2 በመቶ ያህሉ ብቻ በመሆኑ በኢተሩ ውስጥ ይቀራል። ቀጥሎ ባይካርቦኔቱ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውኃ ሲተካ ፌኖሉም ተራውን ጠብቆ ይወርዳል። ሁለት አሲዶች በጥንካሬያቸው መበላለጥ ብቻ ተለያዩ ማለት ነው።

የኮሶ ፍቱን ውሁዶች ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን የተባሉት ሲሆኑ፣ በኬሚካዊ አሠራራቸው የፍሎሮግሉሲኖል ተወላጆች ናቸው። ፍሎሮግሉሲኖል ሦስት የሃይድሮክሲል ቡድኖች የተሸከመ የቤንዚን ቀለበት እንደ መሆኑ ከፌኖሎች ይመደባል። በኮሶ ውስጥ እነዚህ ቀለበቶች በካርቦን ድልድይ እርስ በርስ ተያይዘውና ሌሎች ቡድኖችን ደርበው ስለሚገኙ፣ አሲድነታቸው ከተራው ፌኖል ይበልጣል። የፊንላንድ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የውሁዶቹን አሠራር መርምረው ሲጽፉ፣ አውሮፓውያን ለዚሁ ትል ይወስዱት በነበረው የፈርን ሥር ውስጥ ከሚገኙት ውሁዶች ጋር ቅርብ ዝምድና እንዳላቸው ግልጽ ሆኗል። የሁለቱ መድኃኒቶች ጉዳት መመሳሰልም እንግዲህ አያስገርምም፤ የፈርኑ መድኃኒትም የዓይን ነርቭን በመጉዳት ሰው ማሳወሩ ተመዝግቧልና።

ሥራው በቤተ ሙከራ ሲካሄድ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። ደርቆ የተፈጨው የሴቴ አበባ በኢተር ተዘፍዝፎ ይጣራል። ታኒኑና ስኳሩ በኢተር ስለማይሟሙ ከገለባው ጋር ይቀራሉ። ጥቁር አረንጓዴው የኢተር ፈሳሽ ከታች መዝጊያ ባለው የመለያ ፈነል ውስጥ ገብቶ በደካማ አልካሊ ውኃ ይናወጣል። ዕቃው ቆሞ ሁለቱ ፈሳሾች ሲለያዩ፣ ውኃው ፍሎሮግሉሲኖሎቹን በጨው መልክ ይዞ ከታች ይቀዳል፤ ቅባቱ፣ ሰሙና አረንጓዴው ቀለም ከኢተሩ ጋር ከላይ ይቀራሉ። የተቀዳው ውኃ በቀዝቃዛ ስፍራ በጥቂት በጥቂቱ አሲድ ሲጨመርበት፣ እስከዚያ ጠርቶ የነበረው ይደፈርሳል። ውሁዶቹ ቻርጃቸውን በማጣታቸው በውኃ ውስጥ መኖር አልቻሉምና ነው። ያን ጊዜ በአዲስ ኢተር ተለቅመው፣ በደረቅ ሶዲየም ሰልፌት እርጥበታቸው ተወግዶ፣ ኢተሩ እንዲተን ይደረጋል። የሚገኘው እንደ አበባው ያለ ጓዝ የበዛበት ድብልቅ ሳይሆን፣ ሊመዘንና በክሮማቶግራፊ የበለጠ ሊጣራ የሚችል ንጥር ነው።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው አልካሊ ጉዳይ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቀማሚዎች አበባውን ከኖራና ከአልኮል ጋር አፍልተው፣ በመጨረሻም በአሴቲክ አሲድ አዝቅጠው «ኮሲን» የተባለ ቢጫ ዱቄት ያወጡ ነበር። ስልቱ ከላይ የተገለጸው ራሱ ነው። ነገር ግን ጠንካራ አልካሊና ሙቀት ሲተባበሩ ቀለበቶቹን የሚያያይዘው የካርቦን ድልድይ ተሰብሮ በሌላ አኳኋን ይገጣጠማል፤ ኬሚስቶች ይህን የሮትለሮን ለውጥ ይሉታል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ንጥር በከፊልም ቢሆን በአበባው ውስጥ ያልነበረ፣ መለያው ራሱ የፈጠረው ሊሆን ይችላል። ለዚህም ሲባል በፈርኑ ውሁዶች ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች እንደ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ያለ ለስላሳ አልካሊን መርጠዋል። ስለ ባህላዊ መድኃኒት የተጻፈ ማንኛውም ጥናት ሲነበብ «ውሁዱ ተገኘ» ከሚለው ቃል በፊት «በምን ተለየ?» ተብሎ ሊጠየቅ የሚገባው ከዚህ የተነሳ ነው።

ለዓይን የቀረበ ምሳሌ ለሚሻ እንቆቆ አለ። ይህም እንደ ኮሶ ሁሉ ትል ለማስወጣት የሚወሰድ ሲሆን፣ ፍቱን ውሁዱ ኤምቤሊን ብርቱካንማ ቀለም አለው። ኤምቤሊንም ደካማ አሲድ በመሆኑ አልካሊ ሲነካው ቻርጅ ይይዛል፤ ቀለሙም ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። ብርቱካንማው ኢተር ከአልካሊ ውኃ ጋር ሲናወጥ ከታች ያለው ውኃ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ አሲድ ሲጨመርበት ደግሞ ወይን ጠጁ ጠፍቶ ብርቱካንማው ይመለሳል። በሌሎች ውሁዶች ሳይታይ የሚፈጸመው ሽግግር እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ተማሪን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

አንድ ጊዜ ብቻ በብዙ ኢተር ከማናወጥ ኢተሩን ከፋፍሎ ደጋግሞ ማናወጥ ይመረጣል። ውሁዱ ከውኃ ይልቅ በኢተር አራት እጥፍ የሚሟሟ ቢሆን፣ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ በ100 ሚሊ ሊትር ኢተር አንድ ጊዜ ሲናወጥ 20 በመቶው በውኃው ይቀራል። ያው ኢተር በ50 ሚሊ ሊትር ሁለት ጊዜ ሲከፈል የሚቀረው ወደ 11 በመቶ፣ በ25 ሚሊ ሊትር አራት ጊዜ ሲከፈል ደግሞ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ኢተር ውድ በሆነበት አገር ይህ ስሌት የገንዘብ ጉዳይም ነው።

ከፍታም የራሱን ችግር ያመጣል። ኢተር በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በ34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ በዚያ ከፍታ ኢተር የሚፈላው በ28 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም በሞቃት ቀትር ፀሐይ ያገኘው ክፍል ሊደርስበት የሚችል ሙቀት ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት ትነቱ ይገነፍላል፤ ከአየር የከበደ በመሆኑም ወለል ለወለል ተጉዞ ከርቀት ያለ እሳት ሊያገኝ ይችላል። የመለያ ፈነሉ ከባይካርቦኔት ጋር ሲናወጥም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚፈጠር በየመሐሉ ትንፋሹን ማስወጣት ግድ ነው። እንደ እንዶድ ሳፖኒን የበዛባቸው ተክሎች ደግሞ አረፋ ሠርተው ሁለቱን ፈሳሾች እንደ ወተት ያደባልቋቸዋል። ያኔ መድኃኒቱ ጥቂት የገበታ ጨው ጨምሮ በትዕግሥት መጠበቅ እንጂ አብዝቶ ማናወጥ አይደለም።

ቤዝ የሆኑት አልካሎይዶች የሚለዩት ቅደም ተከተሉን በመገልበጥ ነው። የአጤ ፋሪስን አትሮፒን፣ የጫትን ካቲኖን ወይም የሲንኮናን ኪኒን የሚሻ ኬሚስት በመጀመሪያ ተክሉን በአሲድ ውኃ ይዘፈዝፋል፤ ጓዙን በኢተር አጥቦ ይጥላል፤ ከዚያ ውኃውን በአሞኒያ ወደ አልካሊነት ለውጦ አልካሎይዱን በኢተር ወይም በክሎሮፎርም ይለቅማል። የመርዝ ምርመራ ቤተ ሙከራዎችም ከሽንትና ከጨጓራ እጥበት መድኃኒቶችን ለመለየት ከጥንት ጀምሮ የተገለገሉበት ይህንኑ መንገድ ነው።

የሰው አካልም በአንድ በኩል ሲታይ እንደ መለያ ፈነሉ ነው። የሴል ሽፋን የቅባት ተፈጥሮ ስላለው የኢተሩን ቦታ ይይዛል፤ ደም፣ ሽንትና የጨጓራ ፈሳሽ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፒኤች ያላቸው ውኃዎች ናቸው። በአስፕሪን የተመረዘ ሰው ሽንት ከፒኤች 5.5 ወደ 7.5 ከፍ ሲደረግ፣ በሽንቱ ውስጥ ቻርጅ ሳይዝ የሚገኘውና ወደ ደም ሊመለስ የሚችለው የሳሊሲሊክ አሲድ ድርሻ አንድ መቶ ጊዜ ያህል ይቀንሳል። በአስፕሪን መመረዝ ጊዜ ሶዲየም ባይካርቦኔት በደም ሥር የሚሰጠው ለዚህ ነው። እብጠት በሚበጣበት ጊዜ ሊዶኬይን ለምን አላደነዘዘም የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰውም ይኸው ሕግ ነው። የሊዶኬይን ፒኬኤ 7.9 በመሆኑ፣ ፒኤቹ 7.4 በሆነ ጤነኛ ሥጋ ውስጥ 24 በመቶ ያህሉ ቻርጅ ሳይዝ ወደ ነርቭ ሊዘልቅ ይችላል። መግል ባለበትና ፒኤቹ ወደ 6.4 በወረደ ሥጋ ውስጥ ግን ይህ ድርሻ 3 በመቶ ብቻ ይሆናል። ስለሆነም ከእብጠቱ ውጭ ባለው ጤነኛ ሥጋ ዙሪያውን መውጋት ይሻላል።

ይሁን እንጂ ከፈነሉ ወደ ታካሚው ቸኩሎ መሸጋገር አይገባም። ኮሶ አሲድ ስለሆነ ኮሶ ለጠጣ በሽተኛ ሶዳ ማጠጣት ይጠቅማል የሚል ድምዳሜ ከሙከራ ያልመነጨ ግምት ነው። በመለያ ፈነል ውስጥ ሁለት ፈሳሾች ብቻ አሉ፤ በአንጀት ውስጥ ግን ሰፊ የመምጠጫ ገጽ፣ ሐሞት፣ ምግብና የደም ዝውውር አለ። ቤዝ በሆኑ መድኃኒቶች ለተመረዘ ሰው ሽንትን አሲድ ማድረግ በወረቀት ላይ ትክክል ይመስል ነበር፤ ከጥቅሙ ጉዳቱ ስለበለጠ ግን ተትቷል።

በአንጻሩ ከአሟሟት ሕግ በቀጥታ የሚመጣና ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ እርሱም የጉሎ ዘይትን ይመለከታል። በባዶ ሆድ ኮሶ የጠጣ ሰው ትሉን ለመጥረግ ብሎ የጉሎ ዘይት ሊደርብ ይችላል። ስለ ፈርኑ መድኃኒት የተጻፉ የቀድሞ የፋርማኮሎጂ መጻሕፍት ይህን ይከለክሉ ነበር፤ ምክንያታቸውም መርዙ በቅባት የሚሟሟ በመሆኑ ዘይቱ ወደ ሰውነት መግባቱን ሊያፋጥን ይችላል የሚል ነው። ለማስቀመጥ ሲፈለግ ይታዘዝ የነበረው ጨው ነክ ማስቀመጫ ነው። ኮሶቶክሲን የፈርኑ ውሁዶች ዘመድ እንደ መሆኑ፣ በኮሶ ለተጎዳ ሰው ዘይት፣ ቅቤም ሆነ ወተት «መርዙን ያበርዳል» ተብሎ እንዳይሰጥ ማስተማር ተገቢ ነው።

ለኮሶ መመረዝ የተለየ ማርከሻ የለም። ሕክምናው የጠፋውን ፈሳሽ መተካት፣ የደም ግፊትንና የልብ ምትን መከታተል፣ እንዲሁም የእያንዳንዱን ዓይን የማየት ኃይል ለየብቻ ለክቶ መመዝገብ ነው። ማየቱ የቀነሰ በሽተኛ «ሲያድር ይሻለዋል» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ አይገባውም፤ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። በየቀበሌው የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ነፍሰ ጡሮችን ስትጎበኝ ስለ ኮሶ ለይታ ብትጠይቅ ጥሩ ነው፤ «መድኃኒት ወስደሻል ወይ?» ተብላ የተጠየቀች እናት ኮሶን ከመድኃኒት ላትቆጥረው ትችላለችና።

በመጨረሻም ከመጠጡ የተረፈ ካለ መድፋት አይገባም። ዱቄቱም ሆነ ብጥብጡ በንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ተከድኖ፣ ከብርሃንና ከሙቀት ተጠብቆ፣ የተጠጣበት ቀንና ሰዓት፣ መጠኑም በምን እንደ ተበጠበጠም ተጽፎበት ከበሽተኛው ጋር ይላክ። እንዳይበላሽ በሚል ሶዳ፣ አመድ ወይም ኖራ ቢጨመርበት ውሁዶቹ ተሰባብረው፣ ቤተ ሙከራው የሚያገኘው በሽተኛው ከጠጣው የተለየ ነገር ሊሆን ይችላል።